የሹሩባ ሠሪዋ ፀጉር

የሰዓደት አንድ ተራ ቀን ስንት ያስወጣታል ቢባል፣ የታክሲውንና የዳቦውን ተዉት፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የእሷ ወጪ ሌላ ነው። ጠዋት ዓይኗን እንደገለጠች ትራሷ ላይ የወደቀውን ፀጉር ትለቅማለች፤ ባሏ ሳያየው በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትወሽቀዋለች። ቀጥሎ ማበጠሪያው የድርሻውን ይወስዳል። ከዚያ የሻሽ ሥራ ይመጣል፤ ከሥር ጥቁር፣ ከላይ ባለ አበባ፣ በሁለቱ መሀል ደግሞ ሞላ ያለ ፀጉር እንዲመስል ተጠቅልሎ የሚገባ የልጇ አሮጌ ካልሲ። ይህ ሁሉ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ሲውል አንገቷ ይደነዝዛል፣ ከሻሹ ሥር ላብ ይንቆረቆራል፣ ራሷን ይበላታል፤ ማከክ ግን አትችልም። ውሸቱም ወጪ ነው። ለአንዷ «ጉንፋን ይዞኝ ነው»፣ ለሌላዋ «ሒና ተቀብቼ ነው»፣ ለሌላዋ ደግሞ «ለዒድ ነው የምገልጠው» ትላለች። ለማን የትኛውን እንዳለች ማስታወስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ማታ ቤቷ ስትገባ ከራሷ የተረፈ ነገር ያለ አይመስላትም።

ይህን ሁሉ የምታወጣው ደግሞ ሹሩባ ሠሪ ስለሆነች ነው።

ከአንዋር መስጊድ ብዙም ሳይርቅ አንድ የጨርቅ ሱቅ አለ። ከሱቁ ጀርባ፣ በወፍራም መጋረጃ የተከለለ የሴቶች ፀጉር ቤት አለ። ወንድ ዝር አይልበትም። ስለዚህ መጋረጃውን ያለፈች ሴት፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ መጀመሪያ የምታደርገው ራሷን መግለጥ ነው። ሒጃቡ ከመስቀያው ላይ፣ ነጠላው ከወንበሩ ላይ ይወድቃል፤ ወሬውም አብሮ ይፈታል። ግድግዳው እንዳለ መስታወት ነው። እዚያ ቤት ተከናንባ የምትውል አንዲት ሴት ብትኖር፣ የፊተኛው ወንበር ባለቤት ሰዓደት ነበረች።

የፊተኛው ወንበር ዝም ብሎ አይገኝም። ሰዓደት ያገኘችው በእጇ ነው። ከወሎ ስትመጣ የያዘችው ሙያ የእህቶቿን ራስ መሥራት ብቻ ነበር፤ እሷ የሠራችው ሹሩባ ግን ወር ሙሉ ውሎ አድሮ አንዲት ክር አትወጣውም። የመርካቶ ሴት ደግሞ ጊዜ የላትም። ከሱቅ ሱቅ ስትሮጥ የምትውል ነጋዴ በየሳምንቱ ፀጉር ቤት አትቀመጥም። ስለዚህ ገና ሳይቀመጡ «ጠበቅ አርጊው ሰዓዲ!» ይሏታል። «ጠበቅ አርጊው፣ ወር ካልቆየልኝ እንተዛዘባለን!» እሷም ታጠብቀዋለች። ቅንድባቸው ሽቅብ እስኪሳብ፣ ዓይናቸው ዕንባ እስኪያቀር ታጠብቀዋለች።

በዚህ ገበያ ምርቃት የማይሰጥ ነጋዴ ደንበኛ አያቆይም። የበርበሬ ነጋዴዋ ከሚዛን በላይ ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች፤ ጨርቅ ሻጩ ከሜትሩ አሳልፎ ይቆርጣል። የሰዓደት ምርቃት በወረቀት የተጠቀለለች የራስ ምታት ክኒን ናት። «ማታ ይቺን ዋጪና ተኚ፤ ነገ ይለቅሻል።» ደንበኞቿ በዚህች ምርቃት ይወዷታል፣ «ሰዓዲ አሳቢ ናት» ይላሉ። ከዕቃው ጋር መድኃኒት አብሮ የሚሸጥ ነጋዴ ምን እየሸጠ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም፤ ሰዓደትም ራሷ።

የራሷ ራስ ደግሞ ማስታወቂያዋ ነበር። ከጎኗ የምትሠራው ሪሐና በየጊዜው አዲስ ዓይነት ትሠራላታለች፤ አንዴ በቀጭኑ፣ አንዴ ዊግ ገብቶበት እስከ ወገብ፣ አንዴ ተሰብስቦ አናት ላይ ጉብ ብሎ። ግንባሯ ዳር ያለው ፀጉር ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ ኋላ ሲሸሽ ታየዋለች። «ግንባሬ ሰፊ ነው፤ የእናቴም እንደዚሁ ነው» ብላ ትተወው ነበር። ሁለተኛ ልጇን ኻሊድን ወልዳ፣ ልጁ አንገቱን ማቅናት ሲጀምር ግን ነገሩ ከዳር አልፎ መሀል ገባ። ስትታጠብ ውሃው መውረጃ አጥቶ ይቆማል፤ ፀጉር ደፍኖት ነው። አናቷ ሳስቶ ቆዳው ታየ። ጎንና ጎኗ፣ ከጆሮዋ በላይ ያለው፣ እንደ መዳፍ ለሰለሰ።

መጀመሪያ የሰማችው ጎረቤቷ በለጥሻቸው ናት። በለጥሻቸው ባሏ ዱባለ ድስትና ሳፋ የሚነግድ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«ዓይን ነው» አለቻት። «ያን ሁሉ ፀጉር ዘርግፈሽ ስትዞሪ አላልኩሽም? እንኪ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠሽ እሽት፣ እሽት።»

ሰዓደት አሸችው። ያቃጥላል፤ «መሥራቱ ነው» አለች በለጥሻቸው። ቀይ ሽንኩርት ጨመቀች። ጉሎ ዘይት ቀባች። ጥቁር አዝሙድ፣ እሬት፣ ለጋ ቅቤ፣ ያልሞከረችው አልነበረም። የአምስት ዓመቷ ልጇ አፍራ አንድ ቀን ጉያዋ ገብታ «እማ፣ ወጥ ወጥ ትሸቻለሽ» አለቻት። ሳቀች፤ ከዚያ ተነሥታ ራሷን ዳግም ታጠበች።

እንግዲህ አንድ ጁምዓ ነው ነገሩ የፈነዳው።

ጁምዓ በሶላት ሰዓት ከመስጊዱ የተረፈው ሰው መንገዱን ይሞላዋል፤ ምንጣፍ ከምንጣፍ ጋር ይገጥማል፣ የጨርቁ ሱቅ ደጃፍ ድረስ ይሰገዳል። ያኔ ፀጉር ቤት ውስጥ ያለች ሴት ሶላቱ እስኪያበቃ ድረስ አትወጣም። ሁሉም ስለሚያውቀው ሰዓቱን በጨዋታ ያሳልፉታል። የዚያን ቀን ሰዓደት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ቲና የምትባል ወጣት ናት፤ ልብስ ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራ፣ ስልኳ ከእጇ የማይለይ።

«ሰዓዲ፣ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው፣ እሺ? እጅሽ ብቻ ነው የሚታየው።»

«እጄን ቅረጪ፤ ፊቴን ካስገባሽ ግን ባሌ ቀናተኛ ነው።»

«ባልሽ ቲክቶክ ያያል እንዴ?»

«እሱ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ነው የሚውለው። ጓደኞቹ ናቸው ሥራ ፈቶቹ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቲና ስልኩን ከፍ አድርጋ ክንዷን ወደ ኋላ ስትዘረጋ ረጅሙ ጥፍሯ የሰዓደትን ሻሽ ያዘው። የመርፌ ቁልፉ ተስፈንጥሮ ወጣ። ባለ አበባው ሻሽ ወረደ፣ ጥቁሩም ተከተለው፣ ካልሲው ደግሞ ተፈትቶ ቲና ጭን ላይ ወደቀ።

በየመስታወቱ አንዳንድ መላጣ ሰዓደት ቆመች። ወደ የትም ብትዞር ራሷን ታያለች።

«ውይ! ይቅርታ... አጠፋዋለሁ፣ ወላሂ አጠፋዋለሁ» አለች ቲና ስልኳን እየነካካች። ክርስቲያን ናት፤ በድንጋጤ ነው ወላሂ ያለችው።

ተራዋን ትጠብቅ የነበረች አንዲት የቅመም ነጋዴ ከአግዳሚው ተነሳች። «ቆይ፣ እሷ የራሷን ጨርሳ ነው የኛን የጀመረችው?» አለች። «የሚጋባ ነገር ቢሆንስ? በዚያው ማበጠሪያ አይደል የምታበጥረን!»

በለጥሻቸው ያን ቀን እዚያው ነበረች። «ምነው፣ ጅብ ያያችሁ መሰላችሁሳ! የኔው ዱባለ ከዚህ የባሰ መላጣ ነው፤ ሰው ድስት ከመግዛት ተመለሰ?»

«ዱባለ ሹሩባ አይሠራማ!» አለች የቅመም ነጋዴዋ።

አንዷ ሳቀች። ሌላዋ ሳቋን ዋጠች። የቅመም ነጋዴዋ ነጠላዋን አንሥታ መጋረጃውን ገለጠች፤ ደጁ ግን በሰጋጅ ተሞልቷል። ተመልሳ ተቀመጠች። ሰዓደትም መሄጃ የላትም፤ እነሱም የላቸውም። ሶላቱ እስኪያልቅ ድረስ ሁሉም እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በመስታወት ተከበው፣ እሷን ላለማየት እያቀረቀሩ እሷኑ ሲያዩ ቆዩ። ሰዓደት ካልሲውን አነሣች። ሻሿን መልሳ ጠመጠመች። የጀመረችውን ሹሩባ ጨረሰች።

ሲመሽ የፀጉር ቤቱ ባለቤት እትዬ ካሚላ ለብቻዋ ጠራቻት።

«ሰዓደት፣ አንቺ ለኔ ልጄ ነሽ። ግን ገበያ ነው። ጥርስ የሌለው ሰው ጥርስ ነቃይ ዘንድ ይሄዳል እንጂ... ተይው፣ ምሳሌው ጠፋብኝ። ሰው ራሱን ለመላጣ አይሰጥም፤ ያለው ነገር ይሄ ነው። እስከ ዒድ መላ ፈልጊለት። ካልሆነ የፊቱን ወንበር ለሪሐና እሰጣለሁ።»

«እትዬ ካሚላ፣ በአላህ ይሁንብዎት። ያለዚያ ወንበር ልጆቼን በምን ላሳድግ?»

«እስከ ዒድ አልኩሽ።»

ከዚያ በኋላ የሆነችው ሰዓደት ሌላ ሰዓደት ናት። ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ቀን ምግብ አይወርድም፤ ፀጉሩ ደግሞ ይባስ ብሎ ይረግፋል። አንድ ቀን አውቶቡስ ተራ ስታልፍ ድምፅ ማጉያ የያዘ አዟሪ «መላጣን በሳምንት!» እያለ ሲጮህ ሰማች። ስም የሌለው፣ ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበት ብልቃጥ ነው። ገዛች። የዚያኑ ቀን ቀባችው። መጀመሪያ ሞቃት፤ ከዚያ ለበለባት። «መሥራቱ ነው» ብላ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። በማግስቱ ስትነቃ ራሷ አብጦ ውሃ ቋጥሯል፤ ሻሹን ስታነሣው የቀረውን ፀጉር ከነቅርፊቱ ይዞት ተነሣ። መጸዳጃ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ፣ በውሃው ድምፅ ተከልላ አለቀሰች።

የባሰው ገና ነበር። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሐሳብ ያፈልቃል፤ ሁሉም ሐሳብ ግን ከአላህ አይመጣም። ሰዓደት እንዲህ አለች፦ የኔ ራስ ማስታወቂያ መሆን ካልቻለ፣ የልጄስ? የአፍራ ፀጉር ጥቁር፣ ጭፍግ ያለ፣ ደስ የሚል ነው። አስቀመጠቻትና እስከ ዛሬ ከሠራችው ሁሉ የሚበልጥ ሹሩባ ሠራችላት፤ ቀጭን፣ እንደ መርፌ ስፌት የተደረደረ፣ በጣም በጣም ጠበቅ ያለ። አፍራ አለቀሰች።

«ቻይው የኔ ቆንጆ። አልቋል፣ አልቋል።»

«እማ፣ ዓይኔ አልጨፈን አለኝ።»

«ቻይው አልኩሽ እኮ።»

ማታ ልጅቱ ትራስ ላይ ራሷን ማሳረፍ አቅቷት ስትቁለጨለጭ፣ ሰዓደት የምርቃቷን ክኒን ለሁለት ሰብራ ግማሹን አዋጠቻት። በነጋታው ጨርቁ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። «የማን እጅ ነው ይሄ?» እያሉ ሴቶች ቆሙ። «የእማዬ!» ትላለች አፍራ። አንድ ሁለት ደንበኛ ተመለሰ። ሰዓደትም ትንፋሿ መለስ አለ። ሹሩባው ላላ ሲል ፈትታ እንደገና ሠራች፤ ከዚያም እንደገና።

አንድ ጠዋት አፍራን ስታለብስ፣ ግንባሯ ዳር እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ችፍ ችፍ ያሉ ትናንሽ ብጉሮች አየች። በጣቷ ስትነካው የዳሩ ፀጉር ከነነጭ ሥሩ ተነቅሎ ጣቷ ላይ ቀረ። ከጆሮዋ በላይም ባዶ ቦታ አለ፤ ልክ እንደራሷ።

«ያ ረቢ!» አለች። «ለልጄም አጋባሁባት!»

የዚያን ቀን ሥራ አልገባችም። ለራሷ ሲሆን ያፈረችበትን ሐኪም ቤት ለልጇ ሲሆን በሩጫ ሄደችበት። የቆዳ ሐኪም ጋ ተልካ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ ያለችው እናት የያዘችው ልጅ ራሱ ላይ ክብ ክብ፣ ቅርፊት ያለው ቦታ አለው። «ቅቤ ስቀባው ከረምኩ፤ ይባስ ሰፋ» አለቻት እናቲቱ። በኋላ ስትወጣ ደግሞ «ቆረቆር ነው አሉኝ፤ በሚዋጥ መድኃኒት ነው እንጂ በቅባት አይለቅም፣ በማበጠሪያና በኮፍያ ይጋባል አሉኝ» ብላ አለፈች። ሰዓደት ስለ ፀጉር ቤቱ ማበጠሪያ አሰበች።

ሐኪሟ ዶክተር ኤልሳቤት ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከሰዓደት ብዙም አይበልጥም። አፍራን ብርሃን ላይ አስቀምጣ በማጉያ መነጽር አየቻት።

«ማን ነው የሠራት?»

«እኔ ነኝ ዶክተር። ሹሩባ ሠሪ ነኝ።»

«እጅሽ ይገርማል። ስትሠሪያት ያማታል?»

«ልጅ አይደለች፤ ታለቅሳለች።»

«ዓይኔ አይጨፈንም ነበር» አለች አፍራ። «እማ ክኒን ሰጠችኝ።»

ሐኪሟ ማጉያ መነጽሯን አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንቺስ? ሻሽሽን ፍቺልኝ እስቲ» አለቻት።

ሰዓደት እጇን አነሣች፤ መልሳ አወረደች። በመጨረሻ ፈታችው። ካልሲውን ጉያዋ ወሸቀችው። ሐኪሟ አልደነገጠችም፤ ይኸው አለመደንገጧ ነው ሰዓደትን ያስለቀሳት። ሐኪሟ አናቷን ዳሰሰች፣ አንገቷ ላይ እንቅርት እንዳለ ፈለገች፣ የዓይኗን ቆብ ገልጣ አየች፣ መቼ እንደወለደች፣ ምን እንደምትበላ፣ የወር አበባዋ ምን ያህል እንደሚፈስ፣ በቅርቡ ታማ እንደሆነ፣ ራሷን ምን ምን እንደቀባች ጠየቀች፣ ደሟን አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«አንድ ቤት ሦስት ሌባ ገብቶበታል» አለቻት። «አንዱ ወሊዱ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ከወሊድ በኋላ ተጠራቅሞ ይረግፋል፤ ያስደነግጣል እንጂ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ሁለተኛው ደም ማነስ ነው። ይሄን የብረት ማዕድን ክኒን ትወስጃለሽ፤ ከሻይና ከቡና ጋር ግን እንዳትወስጂው፣ ሥራ አይሠራልሽም። ምስር፣ ጎመን፣ ካገኘሽ ሥጋ ብዪ። ደግሞ ታጠቢያለሽ እንጂ ሠላሳ ዓይነት ነገር አትደፊበትም። ያን ብልቃጥ ጣዪው። ለቃጠሎው ቅባት አዝልሻለሁ።»

«ሦስተኛውስ?»

«የሦስተኛው ቁልፍ ያለው አንቺ እጅ ነው። ይሄ ዳር ዳሩ የረገፈው፣ ያንቺም የልጅሽም፣ ዓይን አይደለም፣ የሚጋባም አይደለም። ፀጉር ሲጎተት፣ ሲጎተት፣ ሥሩ ይደክማል። ብጉሩ ‹በቃኝ› የሚልበት ቋንቋው ነው። ሕመሙም እንደዚያው።»

ሰዓደት እጆቿን አየቻቸው። በእነዚህ እጆች ነው ፊተኛውን ወንበር ያገኘችው።

«የኔ ይመለሳል?»

«የአናትሽ ይመለሳል፤ ወራት ይወስዳል። የዳሩን እውነቱን ልንገርሽ፤ ብዙ ዓመት የተጎተተ ስለሆነ ከፊሉ ሥር ጠባሳ ሆኗል፤ እሱ ላይመለስ ይችላል። የልጅሽ ግን ገና ነው። ዛሬ ብትፈቺላት ይመለሳል። ዛሬ ነው ያልኩሽ።»

ቤት እንደገባች አፍራን ጭኗ ላይ አስተኝታ መፍታት ጀመረች። ገና ግማሹ ሳይፈታ ልጅቱ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከንፈሯ ተከፍቶ፣ ዓይኗ ግጥም ብሎ ተጨፍኖ። ሰዓደት የልጇን የተጨፈነ ዓይን እያየች ተንሰቀሰቀች። ያን ጊዜ ነው ባሏ ሐምዱ በጥላሸት እንደ ጠቆረ ከምን አለሽ ተራ የገባው።

«ምን ሆንሽ?»

ሻሿን ፈታች። ሐምዱ ቆሞ ብዙ አያት። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ፤ እሱም ከአያቱ ከአባቱ የወረሰው መላጣ አለው። በጥቁር እጁ አንድ ጊዜ የራሱን፣ አንድ ጊዜ የሷን ነካ።

«በቃ፣ መብራት ቢጠፋም አንቸገርም» አለ።

«አንተ!» አለች፤ ልቅሶና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት።

«ለምን ደበቅሽኝ ግን? ባልሽ አይደለሁም?» አለ ቆይቶ፤ ድምፁ ያኔ ነው የተሰበረው።

ይህን የማነብ ሰው ብሆን «እፎይ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም ተስተካከለ» እል ነበር። አልተስተካከለም። ዒድ ሲደርስ ፀጉር ቤቱ በሰው ጢም አለ፤ ሰዓደትም ወንበሯ ላይ ቆመች።

«ጠበቅ አርጊው ሰዓዲ።»

«አላጠብቀውም። ዳሩን አላላዋለሁ፤ ዊጉንም ቀላል ነው የማስገባልሽ። ሲለቅ ትመጫለሽ።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪልኝ ነው? እጅሽ ሳሳ እንዴ ከፀጉርሽ ጋር?»

ሳቁ። አንዷ ተነሥታ ሪሐና ጋ ሄደች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። ሪሐና ታጠብቃለች። ደግሞም ትመርቃለች፤ ክኒኗን ከሰዓደት ነው የተማረችው። «ሪሐና፣ ያቺን ምርቃት ተዪ፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁሽ» አለቻት ሰዓደት በጆሮዋ። «አንቺ ወንበርሽን ስታጪ እኔም ልጣ?» አለች ሪሐና፤ በክፋት አልነበረም፣ እሷም ልጅ አላት። እትዬ ካሚላ ቃሏን ጠበቀች። በዒድ ማግስት የፊተኛው ወንበር የሪሐና ሆነ።

ሰዓደትን ግን አላባረረቻትም። መጋረጃው ሥር ያለውን፣ ማንም የማይፈልገውን የልጆች አግዳሚ ሰጠቻት። ልጆች ያለቅሳሉ፣ ይወራጫሉ፣ ዋጋቸውም ትንሽ ነው። ሰዓደት ለእያንዳንዱ ልጅ ማበጠሪያውን ታጥባለች፤ ሠርታ ስትጨርስ «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ግለጪ» ትላለች። አልጨፈን ካለ ትፈታዋለች። በለጥሻቸው መጀመሪያ «ይሄማ ሹሩባ ነው ወይስ የተበተነ ገለባ?» ብላ ስቃባታለች። ቆይታ ግን የራሷን ልጅ አመጣች።

ገቢው አይበቃም። ሐምዱ አምሽቶ ይቀጠቅጣል። አንዳንድ ቀን ሰዓደት የፊተኛውን ወንበር ስታይ ተመልሳ ማጥበቅ ያምራታል፤ እንደ ሱስ እጇን ይበላታል። አናቷ ላይ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ አዲስ ፀጉር ወጥቷል። ካልሲውን ለኻሊድ አልብሳዋለች። ጎንና ጎኗ ግን አሁንም ባዶ ነው፤ ሐኪሟ ያለችው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ከመጋረጃው በስተውስጥ አሁን ሻሽ አታደርግም። ያዩ ይዩ። «ይሄ ምንድን ነው?» ለምትላት ልጅ እጇን ይዛ ታስዳስሳታለች። የአፍራ ግንባር ዳር ላይ ቡቃያው ጀምሯል፤ ሰዓደት በየጠዋቱ ትስመዋለች።

የቅመም ነጋዴዋ ልጅ፣ ሪሐና የሠራቻት፣ ትናንት መጋረጃው ሥር ስታልፍ ሰዓደት ዓይኗን አይታታለች። ሽቅብ ተስቦ ነበር። «እመቤቴ፣ ትንሽ ላላ ላድርግላት?» ብላ እናቷን ለመነች፤ እናትየው ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች። ሰዓደት የዚያን ቀን ምግብ አልበላችም።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡት አንድ ልመና አላት፦

«የኔን ራስ ተዉት፤ እሱ ያለፈ ነገር ነው። ዛሬ ማታ ልጃችሁ ከመተኛቷ በፊት ጣታችሁን ግንባሯ ዳር አሳርፉልኝ። ‹ያምሻል?› በሉና መልሷን ስሙ፤ ‹ቻይው› አትበሏት። ካመማት የኔም እጅ ይሁን የማንም፣ ያማረም ይሁን የተደከመበት፣ ፍቱት። ለነገ አታሳድሩት፤ ስለ አላህ ብላችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ፣ ዛሬ ፍቱት።»